ጠበቃው ይሰግድ ነበር?

«ነዲም ቤይ ይሰግድ ነበር?»

ኮሚሴር ኢድሪስ ይህን ሲጠይቃት ነዝሓ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ሌላ ማንኛውንም ነገር ቢጠይቃት ትመልስ ነበር። ትናንት ለምን እንደመጣች፣ ለምን እያለቀሰች እንደወጣች፣ የት እንደምትኖር፣ ሁሉንም። ይህችን አንዲት ጥያቄ ግን ያን ጊዜ ልትመልሳት አልቻለችም። ለሰው የሰጠችው ቃል ነበረባት፤ ያ ሰው ደግሞ ሞቷል።

ኮሚሴሩ አልተቆጣም። ጥርሱን ያመው ስለነበር ጉንጩ ውስጥ የያዘውን ቅርንፉድ በምላሱ ወዲያና ወዲህ አደረገ። «ይሁን» አለ፣ በሐራን ገጠር በጎች ሲጠራበት ባደገው አረብኛ። «ጥያቄው አያረጅም። ስትፈልጊ ትመልሺዋለሽ፣ እህቴ።»

ነዝሓ ከትከሻው በላይ ክፍሉን አየችው። ጠበቃ ነዲም ባለጉዳዮቹን ከሸኘ በኋላ ጋደም በሚልበት ሶፋ ላይ በቀኝ ጎኑ ተኝቷል። ዓይኖቹ ተከድነዋል። ግራጫ የሱፍ ካልሲ ያጠለቁት እግሮቹ ትራሱ ላይ ናቸው። ራሱ ደግሞ እግር በሚዘረጋበት፣ በበሩ በኩል፣ ያለ ትራስ።

«የምድጃ ጭስ ነው፣ አለቃ» አለ አንድ ወጣት ፖሊስ። «አንቴፕ ውስጥ በየክረምቱ የሚሆን ነው። ከሰል፣ ዝግ በር፣ እንቅልፍ፤ አለቀ።»

«ጭሱ ገደለው እንበል» አለ ኮሚሴሩ። «ያዞረውስ ጭሱ ነው?»

ፖሊሱ ተመልሶ ሶፋውን አየ። ነዝሓ ግን ከዚህ ሁሉ የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጠበቃው ሞቷል። ችሎቱ ደግሞ ሐሙስ ነው።

በልጉን ሁሉ የለፋችው ይህን ሰው ለማግኘት ነበር። በዚህች የቱርክ ከተማ፣ አንቴፕ ውስጥ፣ አረብኛ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ ጠበቃም ሞልቷል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ግን ጠፍቶባት ነበር። አንዱ ጠበቃ ጋ የጎረቤት ልጅ ለአስተርጓሚነት ይዛ ሄዳ፣ ባሏ ጥሏት እንደወጣ፣ የልጆቿን ቀለብ እንደከለከላት፣ ሌላ ሴት በኢማም እንዳገባ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናግራ፣ አስተርጓሚው በሦስት ቃል ጨረሰው። ጠበቃውም እጁን ወደ በሩ ዘረጋላት። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እንደዚያው። በመጨረሻ የፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ ስታለቅስ አቡ ነጂብ አገኟት። ነጭ ጺም ያላቸው፣ መቁጠሪያ ከእጃቸው የማይለይ የሶርያዋ ሐለብ ሰው ናቸው፤ ችግር የያዛቸውን ሴቶች ከጠበቃ እያገናኙ የሚኖሩ ደላላ። «ነይ ልጄ፣ የአንታክያ ሰው አለ። አረብኛው እንደ እኔና እንደ አንቺ ነው» ብለው ወደዚህ አሮጌ ኻን፣ ዱሮ የነጋዴ ማደሪያ ወደነበረው ሕንፃ፣ ሁለተኛው ደርብ ላይ አመጧት። ነዲም ቤይ ታሪኳን እስከ መጨረሻው የሰማት የመጀመሪያው ሰው ነበር። ሰምቶ ሲጨርስም በአረብኛ «ይገባኛል» አላት። ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች።

አሁን ያ ሰው እግሩን ትራስ ላይ አድርጎ ተኝቷል።

ኮሚሴሩ ከክፍሉ ወጥቶ በግቢው ዙሪያ በሚዞረው ሰገነት ላይ ተራመደ። የየክፍሉ ምድጃ ቧንቧ ግድግዳውን በስቶ ወደ ሰገነቱ ይወጣል። የጎረቤቱን ቧንቧ አፍ በጣቱ ዳሰሰ፤ ጣቱ ጠቆረ። የወዲያኛውንም ዳሰሰ፤ ጠቆረ። የነዲም ቤይን ሲዳስስ ጣቱ ንጹሕ ወጣ። ጎንበስ ብሎ ከቧንቧው ጠርዝ የተንጠለጠለች የጆንያ ክር በሁለት ጣቱ መዘዘ። አየት አደረጋትና መሐረቡ ውስጥ ከተታት።

«ሬሳውን ያገኘው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ የኻኑ ሻይ አፍይ ቬይሰል፣ ባዶ ትሪውን ደረቱ ላይ አቅፎ። «የጠዋት ሻዩን ይዤ መጣሁ፣ አንኳኳሁ፣ ገባሁ። አልነካሁትም። ሻዩን ነው የደፋሁት።»

«ትናንት ማንን አየህ?»

«እሷን።» በአገጩ ወደ ነዝሓ አመለከተ። «እያለቀሰች ወጣች። "አላህ ይውሰደው!" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ባሌን ነው ያልሁት!» ብላ ጮኸች ነዝሓ።

«ባልሽን ከሆነማ እኔም አሜን ብያለሁ» አለ ቬይሰል።

ኮሚሴሩ ሊስቅ ሲል ጥርሱ ያዘው። «ነዲም ቤይስ ይሰግድ ነበር?» አለው። ቬይሰል ግራ ቀኝ አየና ወደ ጆሮው ተጠግቶ የሆነ ነገር አንሾካሾከ። ኮሚሴሩ ራሱን ነቀነቀ።

ባሏን ራቲብን ከጫማ መሥሪያው አመጡት። የማስቲሽ ሽታው ከእሱ ቀድሞ ደረጃውን ወጣ። ከኋላው አዲሷ ሚስቱ ዲማ ጃኬቱን ይዛ ተከተለች። ገና ልጅ ናት። በዚያ ብርድ ያደረገችው ስስ የጨርቅ ጫማ ነው።

«ምነው ነዝሓ፣ ጠበቃሽም ጥሎሽ ሄደ?» አላት ራቲብ ሲያልፍ።

«ቢያንስ እሱ ሞቶ ነው» አለችው።

ኮሚሴሩ ትናንት ከሰዓት በኋላ የት እንደነበረ ጠየቀው። ራቲብ መሥሪያው ውስጥ ከሠራተኞቹ ጋር እንደነበር ተናገረ። ነዲም ቤይን ከፍርድ ቤት ደጅ በቀር የትም አይቶት እንደማያውቅ ማለ።

«ይሰግድ ነበር?»

«ጠበቃ?» ራቲብ ከት ብሎ ሳቀ። «ጠበቃ ወደ ገንዘብ ካልሆነ ወደ ምን ይሰግዳል? እኔ ምን አውቄ! ለማንኛውም ነገ መንገደኛ ነኝ፤ ቲኬት ቆርጫለሁ። ወደ ባሕሩ፣ ከዚያ ጀርመን።»

«እስከ ሐሙስ ድረስ የአንቴፕ አየር ይስማማሃል» አለ ኮሚሴሩ። «መታወቂያህን ለልጁ ስጠው።»

ወዲያው ከደረጃው በኩል የለቅሶ ድምፅ መጣ። አቡ ነጂብ ናቸው። ጥምጣማቸው ተፈትቶ ትከሻቸው ላይ ወድቋል። በሩ ጋ ሲደርሱ ግንባራቸውን ከመቃኑ ጋር አጋጩ።

«ወንድሜን! ወንድሜን! ትናንት የከሰዓቱን የአስር ሶላት እዚሁ ክፍል ጎን ለጎን ሰግደን፣ ዛሬ በሬሳው ልምጣ? ያ ረብ!»

ነዝሓ ቀና ብላ አየቻቸው። ሰው ሲያዝን ብዙ ነገር ይላል ብላ ተወችው።

ኮሚሴሩም የጠየቃቸው ጥቂት ነበር። «ከሶላቱ በኋላ ኡም ሩባ መጣች፣ እኔም ሰገነቱ ላይ ጠበቅኋት፣ ስትወጣ አብሬያት ወረድሁ» አሉ። ኡም ሩባ ማለት ነዝሓ ናት፤ የትልቋ ልጇ ስም ሩባ ነው። ኮሚሴሩ ወደ እሷ ሊዞር ሲል አምቡላንሱ መጣና ነገሩ ተቋረጠ። «ነገ ቀትር ላይ ሁላችሁም እዚሁ ትመጣላችሁ» ብሎ አሰናበታቸው።

አቡ ነጂብ ደረጃው መሐል ላይ ጠበቋት።

«አይዞሽ ኡም ሩባ። ለእሱ አልቅሰናል፣ አሁን ለአንቺ እናስብ። ሌላ አረብኛ የሚያውቅ ጠበቃ አግኝቼልሻለሁ።»

ነዝሓ የደረጃውን ብረት ያዘች። «የት ነው ያለው?»

«ኪሊስ። ትልቅ ሰው ነው። ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ደጅ ይቆምልሻል። እኔ ካልሁት አይቀርም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንዲት ነገር ብቻ። እነዚህ ፖሊሶች ስደተኛ ሲያዩ ሌላ አያዩም። ትናንት እስከ አውቶቡሱ እንደሸኘሁሽ ንገሪያቸው።»

«ግን አልሸኙኝም፣ አጎቴ።»

«ልሸኝሽ አስቤ ነበር እኮ። አላህ ሐሳብን ይመዝናል። ለአንቺም ለእኔም መዳኛ ነው፤ አንቺም እኮ ስትጮሂ ተሰምተሻል።»

ማታ ምስር ሾርባ አቅርባ እሷ አልበላችም። ሩባ የእናቷን የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ቤት ደብተር ገልጣ እንደ አስተማሪ ታርማታለች። ነዝሓ አራት ጊዜ ተነስታ የጋዙን ቁልፍ አየች፤ አራት ጊዜም ዝግ ነበር። ትንሿ ልጇ የጫማዋን ቀዳዳ በካርቶን እየደፈነች ትዘፍናለች።

«እማ፣ ሐሙስ ማን ይናገርልሻል?» አለች ሩባ።

«ሰው ተገኝቷል።»

«አረብኛ ያውቃል?»

«ያውቃል አሉ።»

ውሸቱ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። ሸኝተውኛል። ማንን ትጎዳለች? ሽማግሌው አስተዛዝነዋታል፣ ደጅ ላይ ያነሷት እሳቸው ናቸው። ራቲብ ከሐሙስ በኋላ ይሄዳል፤ ጠበቃ ሳይኖር ደግሞ ማን «ይህ ሰው ከአገር እንዳይወጣ ይታገድልን» ብሎ ለዳኛው ይነግርላታል? ነዲም ቤይ ሐሙስ ሊጠይቅላት ያሰበው ይህንኑ ነበር። ይህን ስታስብ ግን ሌላ ነገር መጣባት፣ ትናንት ያስለቀሳት ነገር። ሾርባው ፊት ለፊቷ ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሁሉም በነዲም ቤይ ክፍል ተሰበሰቡ። ምድጃው ጠፍቷል። ሶፋው ባዶ ነው፤ ትራሱ እንደነበረ በምድጃው በኩል ተቀምጧል። ከወንበሩ ጀርባ ላይ የታጠፈ የሶላት መስገጃ ተሰቅሏል። ራቲብ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፣ ቬይሰል ትሪውን አቅፏል፣ አቡ ነጂብ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፣ ዲማ በሩ ላይ አንዱን እግሯን በሌላው ላይ ደርባ ትንቀጠቀጣለች።

ኮሚሴር ኢድሪስ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጉንጩን በመዳፉ ያዘ።

«ጥርሴ ብዙ ስለማያስወራኝ አሳጥራለሁ» አለ። «ነዲም ቤይን የገደለው ጭስ ነው። ይህ እውነት ነው። ግን የኻኑ ቧንቧ ሁሉ አፉ ጥቀርሻ ሲሆን የዚህ ብቻ ተጠርጓል። ጠርዙ ላይ የጆንያ ክር ነበረ። እሱ ተኝቶ ሳለ አንድ ሰው ሰገነቱ ላይ ቆሞ ቧንቧውን በጆንያ ደፍኗል፤ ኋላ ተመልሶ ጆንያውን ስቦ አውጥቷል። ጆንያው ሲወጣ ጥቀርሻውን ይዞት ወጣ። ለምን አወጣው? አደጋ እንዲመስል።»

«ይኸው ነው? እኔ መንገደኛ ነኝ እኮ» አለ ራቲብ።

«አልጨረስሁም። ያ ሰው ጆንያውን ከሳበ በኋላ ቢሄድ ኖሮ እኔም እንደ ልጆቼ "የክረምት አደጋ ነው" ብዬ እሄድ ነበር። እሱ ግን ገባ። ነዲም ቤይን ያገኘው እንደተኛ ነው፤ ራሱ ትራሱ ላይ፣ ዓይኑ ምናልባት ክፍት። አሁን እናንተ ንገሩኝ፤ አባታችሁ ቢሞት ምን ታደርጋላችሁ?»

«ዓይኑን እንከድናለን» አለ ቬይሰል።

«ከዚያስ?»

«በቀኝ ጎኑ አስተኝተን ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ እናዞራለን።»

«ቂብላው በዚያ ግድግዳ በኩል ነው። ሰውን በቀኝ ጎኑ አድርጎ ፊቱን ወደዚያ ለማዞር ራሱ በበሩ በኩል መሆን አለበት። ስለዚህ ሰውዬው ሬሳውን አዙሮ አስተኛው፤ እግሮቹም ትራሱ ላይ ዐረፉ።»

ክፍሉ ውስጥ የመቁጠሪያው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ሙስሊም ለሙስሊም የሚያደርገው ነው» አለ ራቲብ። «ከዚህ ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«እኔም ለዚህ ነው ሁላችሁንም አንድ ጥያቄ የጠየቅሁት። ቬይሰል፣ ትናንት በጆሮዬ ያልኸኝን ጮክ ብለህ በል።»

ቬይሰል ጉሮሮውን ጠረገ። «ምን ይሰግዳል! ነዲም ቤይ እኮ ክርስቲያን ነው። ከእነ አባቱ፣ የአንታክያ ክርስቲያን። በረመዳን ቀን ቀን ሻዩን በሽርጤ ሸፍኜ የማመጣለት እኔ ነኝ።»

መቁጠሪያው ቆመ።

«መስገጃው…» አሉ አቡ ነጂብ።

«ለእንግዶቹ ነው። ባለጉዳዮቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ቢያውቁ አንዳንዶቹ እንዳይሸሹ ይፈራ ነበር። እርስዎ ሴቶቹን እስከ በሩ አድርሰው ይመለሳሉ፤ መስገጃውን እንጂ ሰውየውን አያውቁትም። ስለዚህ ሬሳውን ወደ ቂብላ አዞሩት፣ ስለዚህም "አስርን ጎን ለጎን ሰገድን" ብለው አለቀሱልኝ። የሚያውቀው ሰው አያዞረውም ነበር። ራቲብም አያውቅም፤ ግን አብሬው ሰገድሁ አላለኝም፤ ከትናንት በስቲያም ከመሥሪያው እንዳልወጣ ሠራተኞቹ ሁሉ መስክረዋል።» ኮሚሴሩ ወደ ነዝሓ ዞረ። «አንቺ ብቻ ነሽ ያልመለስሽልኝ።»

ነዝሓ የሻርፗን ጫፍ በእጇ ጨመደደች።

«ረመዳን ላይ ድንገት ገብቼ ዳቦና ወይራ ሲበላ አገኘሁት» አለች። «ደነገጠ። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። እኔም "ብሉ ጌታዬ፣ እኔ የፈለግሁት ጠበቃ እንጂ ኢማም አይደለም" አልሁት። ሳቀ።» ሻርፗን ለቀቀችው። «ቃሌ ነበር።»

«ከትናንት በስቲያስ ለምን አለቀስሽ?»

«ራቲብ ለልጄ ስልክ ደውሎ "የእናትሽ ጠበቃ ድንበር ሊዘጋብኝ አስቧል፤ ሳይዘጋው እወጣለሁ" አላት። ይህን ለነዲም ቤይ ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። "ይህን ለአንድ ሰው ብቻ ነው የተናገርሁት" አለኝ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም። "ጋደም ብዬ ልነሳ፣ ከዚያ እሱን አስጠራዋለሁ" አለ።»

«ራቲብ፣ ማን ነገረህ?»

ራቲብ ትከሻውን ነቀነቀ። «ማን ይሆናል? አቡ ነጂብ ናቸዋ። ለሚስቶች ጠበቃ ያመጣሉ፣ ለባሎች ወሬ ያመጣሉ። ከፍዬ ነው የገዛሁት። ወንጀል ነው እንዴ?»

አቡ ነጂብ ብድግ አሉ። ያን ጊዜ ያዩት ኮሚሴሩን አልነበረም፤ ነዝሓን ነው።

«ኡም ሩባ፣ ልጄ፣ ያን ሰዓት የት እንደነበርሁ ንገሪያቸው። እስከ አውቶቡሱ አብረን አልነበርንም?» ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመዱ። «ሐሙስን አስቢ። ነገ ነው። ልጆችሽን አስቢ።»

ሁሉም ዞሮ አያት። ነዝሓ የካርቶኑ ጫማ ታያት። ፍርድ ቤቱ ደጅ፣ እነዚያ ደረጃዎች፣ እጁን ወደ በሩ የዘረጋባት ጠበቃ ታያት። ኪሊስ ያለው ትልቅ ሰው ታያት፤ አንድ ቃል ብቻ ከተናገረች ነገ ጠዋት ይቆምላታል። ከዚያ የነዲም ቤይ ግራጫ ካልሲዎች ታዩዋት። «ይገባኛል» ያላትን ድምፅ ሰማች።

«አልሸኙኝም» አለች። «ብቻዬን ነው የሄድሁት። ሰገነቱ ላይም ማንም አልነበረም።»

አቡ ነጂብ እንደ ጆንያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«በር አንኳኳሁ» አሉ። «ሳይተኛ ደረስሁበት። ለፖሊስ እነግራለሁ፣ መኖሪያ ፈቃድህን ያስነጥቁሃል፣ ወደ ድንበሩ ማዶ ይመልሱሃል አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ወደዚያ ፍርስራሽ! እግሩ ላይ ወደቅሁ። "ውጣ፣ ልተኛበት" አለኝ። ወጣሁ። የከሰሉ ጆንያ በሩ ላይ ነበር…» ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ስመለስ ዓይኑ ክፍት ነበር። ያየኛል። እንደዚያ ትቼው መሄድ አልቻልሁም። ቢያንስ እንደ ሰው ወደ ጌታው ልሸኘው አልሁ።»

«ያጋለጠዎት ክፋትዎ አይደለም፣ አጎቴ» አለ ኮሚሴሩ። «የቀረችዎት ደግነት ናት። እጅዎን ይስጡኝ።»

ሲወስዷቸው ነዝሓ አጠገብ ቆሙ። ይረግሙኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን «ዳኛው ፊት ቀስ ብለሽ ተናገሪ» ብቻ ብለዋት ወረዱ።

ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ደጅ የቆመላት ሰው አልነበረም። ኪሊስ ያለው ጠበቃ በእርግጥ ኖሮ ይሁን ወይስ ሳይኖር፣ እስከ ዛሬም አላወቀችም። ራቲብ መታወቂያው በኮሚሴሩ እጅ ስለነበር ቀርቧል፤ ከራሱ ጠበቃ ጋር። ዳኛዋ ምን እንደምትፈልግ ጠየቀቻት። ነዝሓ ሌሊቱን ያጠናችውን የቱርክኛ ቃል ተናገረች፦ ቀለብ። ደግማ ተናገረችው። ሌላ የምታውቀው ቃል አልነበራትም። ዳኛዋ አዘነችላትና ጠበቃ ይዛ እንድትመጣ ሌላ ቀን ቀጠረችላት። ስለ እገዳው የጠየቀ አልነበረም። ኮሚሴር ኢድሪስ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ መታወቂያውን ለራቲብ ሲመልስለት ነዝሓን አላያትም።

ክረምቱ ሲያበቃ የማርዲን አረብ የሆነች አንዲት ወጣት ጠበቃ ተገኘችላት። ኮሚሴሩ ነው የላካት። ቀለቡ ተፈረደላት፣ ለሁለቱም ልጆች፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት። የራሷን ስም ራሷ አነበበችው።

ወረቀቱን ግድግዳው ላይ በሰቀለች ሰሞን አንድ ቀን በሯ ተንኳኳ። ሩባ «ማነው?» ሳትል ከፈተችና እናቷን ጠራች። ዲማ ናት። ያው ስስ የጨርቅ ጫማ፣ ሆዷ ግን ገፍቷል።

«እትዬ» አለች ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ። «ልታባርሪኝ መብትሽ ነው። አረብኛ የሚያውቅ ጠበቃ ታውቃለች ብለውኝ ነው።»

ነዝሓ የልጅቷን ጫማ አየች።

«ግቢ» አለቻት። «ጫማሽን አታውልቂ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል።»

ራቲብ ሄደ። ሁለቱ ሚስቶቹ ቀሩ።